ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት

(ለመኪና ባለቤቶችና ለወጣት መካኒኮች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ከሥራ ውላችሁ፣ በዚህ ሁሉ መንገድ መዘጋጋት መሀል ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ማርሽ አልገባ ያለ መኪና ይዞ ጋራዥ የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሰማው "ካምቢዮው መውረድ አለበት" የሚል ነው። ካምቢዮ የማርሽ ሳጥኑ ነው፤ መውረድ ማለት ከመኪናው ተፈትቶ መውጣት። እኔ ዛሬ የመጣሁት ይህ ቃል ያለ ጊዜው እየተነገረ መሆኑን ልነግራችሁ ነው። ማርሹ የሚከብድ፣ የሚጮህ ወይም ቦታው የሚጠፋ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከካምቢዮው ውጪ ነው። ፍሪሲዮን ፔዳሉ ሥር ሊሆን ይችላል። የማርሽ ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ፕላስቲክ ልትሆን ትችላለች። ዘይቱ ሊሆን ይችላል። የነጂው እጅም ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሳያዩ ካምቢዮ ማውረድ የባለቤቱን ገንዘብ መጣል ነው።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ ያሳስበኛል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። የሚተኳቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ደግሞ ፍሪሲዮንም የላቸውም፣ የሚለዋወጥ ማርሽም የላቸውም። ስለዚህ እጃችን ላይ ያሉት ቪትዞች፣ ኮሮላዎች፣ ሃይሉክሶችና ሚኒባሶች ገና ብዙ ዓመት ያገለግሉናል ማለት ነው። ያገለገለ ካምቢዮ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሄዶ መግዛት ይቻላል። ግን ውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ገዢውም አያውቅም። ደህናውን ካምቢዮ አውርዶ ያልታወቀ መስቀል በጣም ያሳዝናል።

ከመዳፍ እስከ ጥርስ

መጀመሪያ ማርሽ ስንለውጥ ውስጥ ምን እንደሚሆን እንይ። ይህን ካወቅን የቀረው ምልክት ማንበብ ብቻ ነው።

ብዙ ሰው ማርሽ ሲገባ ጥርስ ከጥርስ የሚገናኝ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። የወደፊት ማርሾች ጥርሶች ሁልጊዜ እንደተገናኙ ናቸው። በእጃችን የምናንቀሳቅሰው አንድ ተንሸራታች ቀለበት ነው። ቀለበቱ የመረጥነውን ማርሽ ከዘንጉ ጋር ይቆልፈዋል። ለመቆለፍ ግን ሁለቱ በእኩል ፍጥነት መዞር አለባቸው።

እኩል የሚያደርጋቸው ሲንክሮናይዘር ነው። ብዙ ጊዜ ከነሐስ የሚሠራ፣ ውስጡ ሾጠጥ ያለ ቀለበት ነው። ማርሹ ላይ ተጭኖ በሰበቃ ፍጥነቱን ያስተካክላል። እስኪስተካከል ድረስ መንገዱን ይዘጋል። ሲስተካከል ይለቃል፤ ያኔ ማርሹ "ጠቅ" ብሎ ይገባል።

የታክሲ ረዳት ታክሲው እየሄደ ሲሳፈር አይታችኋል። መጀመሪያ ከጎኑ ይሮጣል። ፍጥነቱ ከታክሲው ጋር ሲስተካከል ነው እግሩን የሚያነሳው። ሲንክሮናይዘር የሚሠራው ያንን ሩጫ ነው።

ይህ መሣሪያ መኪና ላይ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1928 በካዲላክ ነው። ከዚያ በፊት ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ነጂው ራሱ ነበር፤ በእግሩና በጆሮው።

አሁን አንድ ስሌት ልስጣችሁ። በኮሮላ ላይ በብዛት በሚገኘው የቶዮታ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ 2ኛ ማርሽ 1.904 ነው፣ 3ኛው 1.310። በ2ኛ ማርሽ እየሄዳችሁ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ጊዜ እየዞረ 3ኛ ብታስገቡ፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ወደ 2060 ገደማ መውረድ አለበት። ከ900 በላይ ዙር በቅጽበት መጥፋት አለበት ማለት ነው። የሚያጠፋው ያ ቀጭን ቀለበት ነው።

ወደ ታች ስንመጣ ይብሳል። የዚሁ ካምቢዮ 1ኛ ማርሽ 3.545 ነው። በ2ኛ ማርሽ 2000 ዙር ላይ እያላችሁ 1ኛ ለማስገባት ብትታገሉ ዘንጉ ወደ 3700 መውጣት አለበት። መኪና እየሄደ 1ኛ ማርሽ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ብልሽት አይደለም። ቀለበቱ ከአቅሙ በላይ ተጠይቆ ነው።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። ሞተሩን ከካምቢዮው የሚያገናኘውም የሚለየውም ፍሪሲዮን ነው። ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ ቀለበቱ የሚያስተካክለው አንድ ዘንግና አንድ የፍሪሲዮን ዲስክ ብቻ ነው። ቀላል ነው። ፍሪሲዮኑ ትንሽ እንኳ ከያዘ ግን ቀለበቱ የሚታገለው ከሞተሩ ጋር ነው። ከሞተር ጋር ታግሎ የሚያሸንፍ ሲንክሮናይዘር የለም። ማርሹ ይከብዳል፣ ይጮሃል፣ ቀለበቱም ይበላል። ከዚያ በኋላ ካምቢዮው ሲከፈት ያለቀ ቀለበት ይገኝና "ይኸው፣ ካምቢዮው ነበር" ይባላል። ቀለበቱ ይቀየራል፣ የሚይዘው ፍሪሲዮን ግን እንዳለ ይቀራል። መኪናው ብዙም ሳይቆይ ይመለሳል።

ያለ መፍቻ የሚሠራ ምርመራ

ምንም ሳትፈቱ የምትሠሩት ሙከራ አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ይቁም፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ።

ሞተሩን አጥፉ። ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ሁሉንም ማርሾች አንድ በአንድ አስገቡ። አንዱ ቢያስቸግር የእጅ ፍሬኑን ለቃችሁ መኪናውን ትንሽ ገፋ አድርጋችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ጥርሶች ፊት ለፊት ገጥመው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና ነዳጅ ሳትሰጡት፣ በሚኒሞ እያለ፣ ያንኑ ድገሙ።

ሞተሩ ሲጠፋ ለስላሳ፣ ሲነሳ ከባድ ከሆነ ጣታችሁን ወደ ፍሪሲዮን ጠቁሙ። በሁለቱም ጊዜ ከባድ ከሆነ ችግሩ የማርሽ ዘንጉ፣ ካቦው (የሽቦ ገመዱ) ወይም መገጣጠሚያው አካባቢ ነው። ቆሞ ሁሉም ጥሩ ሆኖ፣ ሲሄድ ብቻ አንድ ማርሽ ለይቶ ካስቸገረ፣ ያኔ ስለ ዘይቱና ስለዚያ ማርሽ ሲንክሮናይዘር ማሰብ ትችላላችሁ።

ሁለተኛው ሙከራ የኋላ ማርሽ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ እስከ 5 ቁጠሩ። ከዚያ የኋላ ማርሽ አስገቡ። የኋላ ማርሽ በብዙ መኪና ሲንክሮናይዘር የለውም። ስለዚህ አይዋሽም። 5 ቆጥራችሁም "ግርርር" ካለ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ አልቆመም፤ ፍሪሲዮኑ አልለቀቀም ማለት ነው።

ሦስተኛው፣ ፔዳሉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ምቱትና ማርሽ አስገቡ። በአንድ ርግጫ እንቢ ያለው በድግግሞሽ እሺ ካለ፣ የፔዳሉን ግፊት በዘይት ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሰው ፓምፕ ደክሟል ወይም መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ይህን ያህል ግልጽ ምልክት የሚሰጥ ሌላ ሙከራ የለኝም።

ፔዳሉ ሥር

ከሁሉም በፊት ምንጣፉን አንሱ።

እውነቴን ነው። ከመኪናው ጋር በመጣው ምንጣፍ ላይ ሌላ እንደርባለን፣ በዚያ ላይ ላስቲክ እናነጥፋለን። ለንጽሕና ተብሎ ነው፤ ይገባኛል። ነገር ግን ፔዳሉ ወለል ሳይደርስ ምንጣፍ ይይዘዋል። የፍሪሲዮን መጨረሻዋ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ናት ብዙ ጊዜ ሥራውን የምትጨርሰው። እሷ ከተወሰደች ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ምንጣፉን አንስታችሁ የኋላ ማርሹን ሙከራ ድገሙ። ልዩነት ካለ ጥገናው አለቀ።

ቀጥሎ የፔዳሉ ባዶ ጉዞ ነው። በጣት ገፋ ሲደረግ ምንም ሳይሠራ የሚሄደው ርቀት ማለቴ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪኖች ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ ፔዳሉ ሥራ ሳይጀምር ግማሽ መንገድ ያልቃል። የሚስተካከለው ከፔዳሉ ኋላ ባለችው የፓምፕ መግፊያ ዘንግ ነው። እግረ መንገዳችሁን ፔዳሉንና ዘንጓን የሚያገናኘውን ፒን እዩ። ቀዳዳው ክብነቱን ትቶ ሞላላ ከሆነ ምንም ብታስተካክሉ ይመለሳል። በካቦ የሚሠራ ከሆነ ካቦው መሳብ አለመሳቡን፣ ሽቦውም መበጣጠስ አለመጀመሩን እዩ።

ዘይቱንም አትርሱ። የፍሪሲዮን መስመር የሚጠቀመው የፍሬን ዘይት ነው፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4። ይህ ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ጠቁሮ፣ ቅባት መስሎ የምታዩት ዘይት አርጅቷል። በ2 ዓመት አንዴ መቀየር ጥሩ ነው። የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ቅባት ግን ጠብታ እንኳ እንዳይገባበት። የፓምፑን ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያ) ያሳብጠዋል። ያበጠ ጎሚኒ ደግሞ ፓምፑን ይዞት ይሄዳል።

ካምቢዮው ጎን ያለውን የታችኛውን ፓምፕ የላስቲክ ሽፋን ገለጥ አድርጉ። ውስጡ ርጥብ ከሆነ እያፈሰሰ ነው። ወደ ፓምፑ የሚሄደውን ላስቲክ ቱቦ ይዛችሁ ሰው ፔዳል ያስረግጥላችሁ። ቱቦው ከእጃችሁ ውስጥ ሲያብጥ ከተሰማችሁ፣ ፍሪሲዮኑን መግፋት የነበረበት ኃይል ቱቦውን እየነፋ ነው።

የኋላ ጎማ በሚገፋቸው መኪኖች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ቮላኖው (ሞተሩ ጫፍ ላይ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) መሀል ላይ የካምቢዮውን ዘንግ አፍንጫ የምትይዝ ትንሽ ኩሽኔታ አለች። እሷ ደርቃ ከተጣበቀች ፍሪሲዮኑ ቢለቅም ዘንጉን ይዛ ታዞረዋለች። እሷን ለማየት ግን ካምቢዮ መውረድ አለበት። ስለዚህ ለፍሪሲዮን ሥራ ካምቢዮ በወረደ ጊዜ ሁሉ አብራችሁ ቀይሯት። ዲስክ ቀይሮ እሷን ትቶ መዝጋት ተገቢ አይደለም። ዲስኩ የሚንሸራተትበትን ጥርስም አጽዱና በጣም ስስ ግራሶ ቀቡት። ሲበዛ ተረጭቶ የዲስኩን ሸራ ያበላሻል፣ ሲደርቅ ደግሞ ዲስኩ አልንሸራተት ብሎ ይይዛል።

ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችው ፕላስቲክ

አሁን ወደ እጃችን እንምጣ። ማርሹ የት እንዳለ የማይታወቅ፣ 1ኛ ስትሉ 3ኛ የሚገባ፣ ዘንጉ እንደ ልቡ የሚወዛወዝ መኪና ነድታችሁ ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን "ካምቢዮው ሰፍቷል" ይለዋል። ካምቢዮ አይሰፋም። የሚሰፋው ቡሹ ነው፤ መገጣጠሚያው መሀል የምትገባው ፕላስቲክ ወይም ጎማ።

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው የማርሽ ዘንጉ በቀጥታ ካምቢዮው ላይ ይቀመጣል፤ ሃይሉክስ፣ አሮጌው ላንድ ክሩዘር፣ ላዳ እንዲህ ናቸው። በሁለተኛው ዘንጉና ካምቢዮው በካቦ ይገናኛሉ፤ ቪትዝና የፊት ጎማ የሚጎትታቸው ኮሮላዎች ይህን ይጠቀማሉ።

ሃይሉክሱን ቀረብ ብለን እንየው። በብዙዎቹ አሮጌ ሃይሉክሶች የዘንጉ የታችኛው ጫፍ ትንሽ ኳስ ናት። ኳሷ የፕላስቲክ መቀመጫ ለብሳ ማርሾቹን በሚያንቀሳቅሰው ጎድጓዳ ውስጥ ትገባለች። ፕላስቲኳ ከዓመታት በኋላ ትሰባበራለች። ያኔ ብረት ከብረት ጋር ይንገጫገጫል፣ ዘንጉም ወደ ጎን ይወላገዳል።

የሚፈታው ከመኪናው ውስጥ ነው። ማርሹን ዜሮ አድርጉ፤ ምንም ማርሽ አይግባ። የማርሹን ላስቲክ ልብስ ወደ ላይ ግለጡት። ከሥሩ ያለውን አቧራ በብሩሽና በጨርቅ አጽዱ፤ በደንብ አጽዱ፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሚከፈተው ቀዳዳ ቀጥታ ወደ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ከሥር ክዳን ታያላችሁ። ጨርቅ ጣሉበት፣ በመዳፋችሁ ወደ ታች ተጫኑት፣ እንደተጫናችሁ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ አዙሩት። ስፕሪንጉ ይለቅና ዘንጉ ከነኳሱ ይወጣል።

የተሰባበረችውን ፕላስቲክ ቁርጥራጭ ቁጠሩ። የጎደለ ካለ ዘይት ውስጥ ወድቋል፤ ዘይት ሲቀየር መውጣት አለበት። አዲሷን መቀመጫ በጣታችሁ ተጭናችሁ አልብሱ፣ ግራሶ ቀቡ፣ ክዳኑን መልሳችሁ ቆልፉ። ሙሉ ሥራው ከአንድ ቡና መጠጫ ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ይህን ሠርቶ መኪናውን ሲያስነሳ የባለቤቱን ፊት ማየት ደስ ይላል። ማርሹ ቦታውን ያገኛል።

ላዳም ወንድሙ ነው። የላዳ ዘንግ የላይኛውና የታችኛው ክፍል መሀል የጎማ ቡሾች አሉት። እነሱ ሲያልቁ ዘንጉ ይንኳኳል፣ ይንቀጠቀጣል። ቡሾቹ ይቀየራሉ፤ ሌላ ምንም አያስፈልግም።

በካቦ ወደሚሠሩት ስንመጣ ሁለት ካቦ አለ። አንዱ ግራና ቀኝ ይመርጣል፣ ሌላው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይገፋል። ኮፈኑን ክፈቱ። አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ማርሹን ቀስ እያለ ያንቀሳቅስ። እናንተ የካቦዎቹን ጫፍ ካምቢዮው ላይ ተመልከቱ። ካቦው ተንቀሳቅሶ ክንዱ ካልተንቀሳቀሰ፣ መሀል ያለው ቡሽ አልቋል። የካቦውን ቱቦ የሚይዘው መቆንጠጫ ከላላ ደግሞ ቱቦው ራሱ ወዲያ ወዲህ ይላል።

አንድ የቪትዝ ባለቤት 3ኛና 5ኛ ማርሽ እየተምታታበት ካምቢዮው ኦቨርሆል ይደረግ (ተፈትቶ ይታደስ) ተብሎ ዋጋ ሁሉ ተነግሮት ነበር። ኮፈኑን ከፍተን ስናይ የመምረጫው ካቦ ቡሽ ተፍረክርኳል፤ በቦታው የመኪና ከመነዳሪ ጎማ ተቆርጦ በሽቦ ታስሮበታል። ሽቦው ላልቷል። ይኸው ነው ጠቅላላ በሽታው።

በሽቦ ማሰር መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤት መድረሻ ይሆናል። እንደ ጥገና ግን አትቀበሉት። እውነተኛው ቡሽ ለብቻው ካልተገኘ ለክቶ የሚያወጣ ጥሩ ቶርነሪ ፈልጉ። ከጠንካራ ላስቲክ ወይም ከነሐስ ቢሠራ ማርሹ የበለጠ ጥርት ይላል፤ የሞተሩ ንዝረት ግን ወደ እጃችሁ ይመጣል። ለከተማ መኪና የኩባንያው ዓይነት ቡሽ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ሞተር በናፍጣ የማሳጠብ ልማድንም እዚህ ላንሳ። ናፍጣ የካቦ ጫፎችን ግራሶ ያጥባል፣ ጎሚኒዎችን ያፈርሳል። ሞተር ካሳጠባችሁ በውሃና በሳሙና ይሁን፤ ከታጠበ በኋላ የካቦዎቹን ጫፍና የመምረጫ ክንዱን ማዞሪያ ግራሶ ቀቡ።

የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎችንም ተመልከቱ። የፊት ጎማ በሚጎትተው መኪና ሞተሩ ሲነቃነቅ ካምቢዮው አብሮ ይነቃነቃል፣ ካቦዎቹም ይሳባሉ። ነዳጅ ስትሰጡና ስትለቁ የማርሽ ዘንጉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ መቀመጫዎቹን ቀይሩ።

ዘይቱ

ስለ ካምቢዮ ዘይት ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው በዚህ ነው።

ቅድም ሲንክሮናይዘር በሰበቃ ይሠራል ብያለሁ። ቀለበቱ ማርሹን መያዝ አለበት። ለመያዝ ደግሞ መሀላቸው ያለውን ዘይት መጥረግ አለበት። ዘይቱ በጣም ወፍራም ከሆነ አይጠረግም። በጣም አንሸራታች ከሆነ አይይዝም። ስለዚህ "ወፍራም ዘይት ይሻላል" ወይም "ማለስለሻ ጨምርበት" የሚለው ምክር ለማርሽ አይሠራም።

ካምቢዮ ሲጮህ 140 የሚባለውን ወፍራም ዘይት የሚሞሉ አሉ። ድምፁ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ መኪናችሁን አስነስታችሁ 2ኛ ማርሽ ስታስገቡ ዋጋውን ትከፍላላችሁ። ማርሹ ግድግዳ የገጠመው ያህል ይቆማል። ሲሞቅ ይለቃል። ጠዋት የሚከብድና ከሰዓት የሚለሰልስ ማርሽ ካላችሁ መጀመሪያ የዘይቱን ውፍረት ጠይቁ። ብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች የሚፈልጉት 75ደብሊው-90 ነው። "ደብሊው" ካለበት ፊት ያለው ቁጥር በብርድ ያለውን ባሕርይ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር በብርድ ይበልጥ ይፈሳል።

ሁለተኛው ነገር የዘይቱ ዕቃ ላይ ያሉት ጂኤል-4 እና ጂኤል-5 የሚሉት ጽሑፎች ናቸው። ጂኤል-5 የተሠራው ኃይሉን ለጎማዎች ለሚያካፍለው ለዲፍረንሻል ነው። እዚያ ጥርሶቹ በከባድ ጫና እየተፋተጉ ስለሚዞሩ የሰልፈርና የፎስፈረስ ቅመሙ በጣም ይበዛል። ያ ቅመም ለነሐስ ቀለበት ላይስማማ ይችላል፤ ሰበቃውንም ይቀንሳል። የመኪናው መጽሐፍ ጂኤል-4 ብቻ ካለ፣ "5 ከ4 ይበልጣል" ብላችሁ አትቀይሩ። ደረጃ አይደለም፣ የሥራ ዓይነት ነው። ሁለቱንም የሚፈቅዱ ካምቢዮዎች አሉ፤ እነሱ ላይ ችግር የለም።

ሁሉም ካምቢዮ የካምቢዮ ዘይት አይፈልግም። አንዳንድ የአይሱዙ ካምቢዮዎች የሞተር ዘይት ነው የሚጠቀሙት። አንዳንድ አሮጌ ማርቸዲሶች የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ይወስዳሉ። እነዚህ ውስጥ 90 የሚባለውን የካምቢዮ ዘይት ሞልቶ "ማርሹ ከበደ" ማለት የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ መጽሐፉን ፈልጉ።

ዘይት ስትቀይሩ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ የመሙያውን ቡሎን ፍቱ፣ ከዚያ የማፍሰሻውን። አፍስሳችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ መሙያው አልፈታ ቢላችሁ መኪናው እዚያው ቆመ ማለት ነው። መኪናው ሜዳ ላይ እኩል ይቁም። ዘይቱ ሞቅ እንዲል ትንሽ ተነድቶ ይምጣ። መልሳችሁ ስትሞሉ ከመሙያው ቀዳዳ እስኪፈስ ድረስ ነው።

አሁን የማፍሰሻውን ቡሎን በእጃችሁ ያዙ። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ ማግኔት አላቸው። ማግኔቱ ላይ ያለውን በጣታችሁ ጥረጉና ብርሃን ላይ ፈትጉት። ግራጫ፣ እንደ ዱቄት የላመ ከሆነ የተለመደ ነው። ጣታችሁ መሀል የሚቆረቁር ከሆነ አስቡበት። የጥርስ ቁራጭ ካገኛችሁ በርግጥም ካምቢዮው ይውረድ። ከዚያ የፈሰሰውን ዘይት በባትሪ ብርሃን እዩት። ነሐስ በማግኔት አይያዝም፤ ዘይቱ ውስጥ ተንሳፍፎ ወርቃማ ብልጭልጭታ ይሰጣል። ብልጭልጭታው ከበዛ የሲንክሮናይዘር ቀለበት እየተበላ ነው። ይህን የምታዩት አንድም ጥርስ ሳትፈቱ ነው። ዘይት የሚቀይር መካኒክ ይህን ለባለቤቱ ሳያሳይ ዘይቱን መድፋት የለበትም።

ስለ አጭር ማርሽ

ወጣቶቹ ስለ አጭር ማርሽ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ዘንጉን አሳጥሮ ወይም የመዞሪያ ቦታውን ከፍ አድርጎ እጅ የሚሄድበትን ርቀት መቀነስ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በአጭርና ጥርት ባለ ማርሹ ይወደዳል፤ ዘንጉም በቀጥታ ካምቢዮው ላይ የተቀመጠ ነው። ነገር ግን ርቀት ሲቀንስ ጉልበት ይጨምራል። ሲንክሮናይዘሩም በዚያው አቅሙ ፈጥኖ እንዲሠራ ይገደዳል። ያለቀ ቡሽና ያረጀ ዘይት ላይ አጭር ማርሽ መግጠም ብልሽቱን ማጉላት ነው። ከበድ ያለ የማርሽ እጀታ ግን ጉዳት የለውም፤ ክብደቱ እጅን ያግዛል፣ ማርሹ ለስለስ ያለ ይመስላል። ገንዘቡ አንድ ላይ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ቡሽና ዘይት ይቅደም።

እጅና እግር

እየነዱ እጅን የማርሽ ዘንግ ላይ ማሳረፍ ብዙዎቻችን ያለብን ልማድ ነው። የእጁ ክብደት ካምቢዮው ውስጥ ተንሸራታቹን ቀለበት የሚገፋውን ሹካ ከሚዞረው ቀለበት ጋር ያነካካዋል። ሹካው ቀስ በቀስ ይበላል። መገናኛ ላይ ተሰልፋችሁ ስትጠብቁም ዜሮ አድርጉና እግራችሁን ከፍሪሲዮኑ አንሱ። ረግጣችሁ ስትቆዩ የፍሪሲዮን ኩሽኔታው ያለ ዕረፍት ይዞራል።

ማርሽ ስትለውጡ ዘንጉን አንቃችሁ አትያዙ። በመዳፍ ግፉት። ዜሮ ላይ ለአፍታ፣ ትንፋሽ ለማይሞላ ጊዜ፣ ቆም አድርጉት። በዚያች አፍታ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ቀለበቱም ሥራው ይቀልለታል። ተቃውሞ ሲሰማችሁ አትምቱ፤ ገፋ አድርጋችሁ ጠብቁ። ቀለበቱ ሥራውን ሲጨርስ ራሱ ይስበዋል።

ቁልቁለት ላይ ዜሮ አድርጎ መልቀቅ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ኢንጄክሽን ባላቸው መኪኖች ላይ አይሠራም። ማርሽ ውስጥ ሆናችሁ ነዳጅ መስጫውን ስትለቁ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይዘጋል። ዜሮ ስታደርጉት ግን ሞተሩ በሚኒሞ ለመቆየት ነዳጅ ይጠጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ደግሞ ጉዳዩ የነዳጅ አይደለም፣ የሕይወት ነው። ማርሹን የምትቀንሱት ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው። ፍሬን ግሎ፣ መኪናው ፈጥኖ ከሄደ በኋላ 2ኛ ልታስገቡ ስትሞክሩ ያ ቀለበት አቅም ያጣል፤ ማርሹም ዜሮ ላይ ይቀርባችኋል።

አሮጌ ከባድ መኪና የምትነዱ ሁለት ጊዜ ፍሪሲዮን የመርገጥን ዘዴ አትተዉት። ረግጣችሁ ዜሮ፣ ፍሪሲዮን ለቅቃችሁ ነዳጅ ሰጥ፣ ደግሞ ረግጣችሁ ማርሽ። ሲንክሮናይዘሩ የደከመ የቤት መኪና ላይም ይሠራል።

ከተነሡት ጥያቄዎች

አንድ ወጣት "ማርሹ ሲጮህ ካምቢዮ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ይሸጣል፤ ይጠቅማል ወይ?" ሲል ጠየቀ። ሰበቃ የሚቀንስ ከሆነ ቀለበቱን የሚያደክም ነው፤ አልመክርም። በዚያ ገንዘብ ትክክለኛውን ዘይት ግዛ።

አንዲት እህት "የኋላ ማርሽ ሁልጊዜ ይጮህብኛል፣ ሌላው ደህና ነው" አሉ። መኪናው ሙሉ በሙሉ መቆሙን ያረጋግጡ። ፍሪሲዮን ረግጠው መጀመሪያ 1ኛ ወይም 2ኛ ማርሽ ያስገቡ፣ ከዚያ ሳይለቁ ወደ ኋላ ማርሽ ይሂዱ። የወደፊት ማርሹ ሲንክሮናይዘር ዘንጉን ያቆምልዎታል። በዚህም ከጮኸ ግን ቅድም ወዳልነው የ5 ቆጠራ ሙከራ ይመለሱ፤ ፍሪሲዮኑ መታየት አለበት።

የመጨረሻው ጠያቂ የሚኒባስ ሹፌር ነበሩ። "5ኛ ማርሽ እየሄድኩ ይተፋብኛል፤ ራሱ ወጥቶ ዜሮ ይሆናል። አሁንስ ይውረድ?" አሉ። ገና ነው አባቴ። መጀመሪያ የዘንጉ ላስቲክ ልብስ ደርቆ ዘንጉን ወደ ኋላ እየጎተተው እንደሆነ እንይ፤ ልብሱን ገልጠው ይንዱትና ይሞክሩት። ቀጥሎ የሞተርና የካምቢዮ መቀመጫ ጎማዎችን፣ ከዚያ ካቦው ማርሹን እስከ መጨረሻው እያስገባው መሆኑን እንይ። ካቦውን ካምቢዮው ላይ ነቅለን ክንዱን በእጅ ስንገፋው ካቦው ካደረሰው በላይ የሚሄድ ከሆነ ካቦው አጥሯል፤ ይስተካከላል። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ መትፋቱን ከቀጠለ ሹካው፣ ስፕሪንጉ ወይም የቀለበቱ ጥርስ ተበልቷል። ያኔ ይውረድ። ሲወርድ ደግሞ ፍሪሲዮኑን፣ ኩሽኔታውንና ዘይት እንዳያፈስ የሚይዙትን ጎሚኒዎች አብረው ያስቀይሩ፤ ለዚህ ብለው ሁለተኛ እንዳያስወርዱት።